ሞተሩ ነው ወደ ሻፍቱ የሚመጣው
(ከጣና ዳር የሥራ ማስታወሻ)

ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጣለች። አካሏ ብረት ነው፤ ርዝመቷ 18 ሜትር። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅና ወደ ቁንዝላ ሰውና እህል ስታመላልስ የኖረች ናት። አሮጌው ሞተር ወጥቶ ሣሩ ላይ ተጥሏል፤ አዲሱ ከነካምቢዮው በሸራ ተሸፍኖ ተራውን ይጠብቃል። ባለጀልባው የጠሩኝ አዲሱን እንድገጥም ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ ማየት የፈለግኩት አሮጌው ሻፍት ሲዞርበት የኖረውን ኩሽኔታ ነበር።

ሻፍቱ ከጀልባዋ የሚወጣው በኋላ በኩል፣ ስተርን ቲዩብ በሚባለው ቱቦ ውስጥ አልፎ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ውስጡ ቦይ ቦይ ያለው የጎማ ኩሽኔታ አለ። ይህ ኩሽኔታ ግራሶ አይፈልግም፤ የሐይቁ ውኃ በቦዮቹ ውስጥ እያለፈ ያለሰልሰዋል፣ ያቀዘቅዘዋልም። አውጥተን በቁመቱ ሰነጠቅነው። የፊተኛው ጫፉ በግራ በታች በኩል፣ የኋለኛው ጫፉ ደግሞ በቀኝ በላይ በኩል ተበልቷል።

ባለጀልባው አይተው፣ «ደለሉ ነው የጨረሰው፤ ክረምት ክረምት ሐይቁ ጭቃ ነው» አሉ። ደለሉ እውነት ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ ብዙ አፈር ወደ ጣና ያመጣሉ፤ አሸዋው ጎማ ውስጥ ሲገባ ሻፍት ይሞርዳል። ነገር ግን ደለል ግራና ቀኝ አይመርጥም። ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚበላው ከታች ነበር። በሁለቱ ጫፎች ተቃራኒ ጎን ሲበላ ግን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ሻፍቱ በቱቦው ውስጥ ሰያፍ ሆኖ ሲዞር ኖሯል። ሰያፍ ያደረገው ሞተሩ ነው። ያንን ሞተር የገጠመው ሰው ሻፍቱን ጎትቶ ወደ ሞተሩ አምጥቶ በቡሎን አስሮታል። ትክክለኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቱቦው ከጀልባዋ አካል ጋር የተበየደ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ሻፍቱ ለቱቦው ይገዛል፤ ሞተሩ ወደ ሻፍቱ ይመጣል።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ሽማግሌው መጡ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል በመካኒክነት ያገለገሉ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ባሕር ኃይል መጥታ የእኛ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ በሆነችው «ኢትዮጵያ» ላይም ሠርተዋል። ያቺ መርከብ በፊት «ኦርካ» ትባል ነበር፤ ሞተሯ የናፍጣ ነበር። ከምጽዋ መጥፋት በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ስለዚህ ብዙ አልጠይቃቸውም። ስለ ሥራው ግን ምን ብጠይቃቸው አይሰለቹም።

ዛሬ ሽቦ ወጠርን። ቱቦው ባዶ ከሆነ በኋላ በመሃሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፒያኖ ሽቦ ከኋላ እስከ ሞተሩ መቀመጫ ፊት ድረስ ይዘረጋል፤ ጫፉ ላይ 20 ኪሎ ክብደት ተንጠልጥሎ ይወጥረዋል። ሽቦው በቱቦው ሁለት ጫፎች መሃል ለመሃል እንዲያልፍ ከተደረገ በኋላ ወደ ፊት የሚቀጥለው መሥመር የሞተሩ መሥመር ነው። በትላልቅ የመርከብ ማረፊያዎች ዛሬ ይህን በሌዘር ይሠሩታል። እኛ ጋ ሌዘር የለም፤ ሽቦው ግን በትክክል ከተያዘ አያሳፍርም።

አንድ አካዳሚ ሁለት ተማሪ ልጆች ልኮልናል፤ ወንድና ሴት። ልጅቷ ሽቦውን በዓይኗ ስታይ ቆየችና፣ «ኢንጂነር፣ ይህ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ በራሱ ክብደት አይረግብም?» አለችኝ። ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። ይረግባል። በ6 ሜትር ርቀት፣ በ20 ኪሎ ውጥረት፣ ይህ ሽቦ መሃሉ ላይ ወደ 0.35 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። እኛ የምንፈልገው ትክክልነት የ0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሽቦው ርግበት ብቻውን የዚህ ሰባት እጥፍ ነው። ስለዚህ በየመለኪያው ቦታ ርግበቱን አስልተን እንጨምራለን። ልጆቹ ሠንጠረዡን ራሳቸው ሠሩ፤ ሽማግሌው አንድ በአንድ አረሙላቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሽቦ አይዋሽም፤ ግን ያልጠየቃችሁትን አይነግራችሁም» አሏቸው።

ኅዳር 28፣ ዓርብ

የሞተሩ መቀመጫ ሁለት ረጃጅም ወፍራም የብረት ሰሌዳዎች ናቸው፤ ከጀልባዋ አጥንቶች ጋር የተበየዱ። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ይልቅ ጠበብ ስለሚል አዲስ ሰሌዳ መጨመር ነበረበት። ብየዳ ሁሉ ዛሬ ማለቅ አለበት ብዬ ጸናሁ። ብረት ሲበየድ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር አካባቢውን ይጎትታል። ከመሥመር ማስተካከል በኋላ አንዲት ቁራጭ ላሜራ እንኳ ወደ መቀመጫው ቢበየድ ልኬቱ ሁሉ ይሠረዛል። የናፍጣ ታንከሩ ማሰሪያ፣ የጭስ ማውጫው መደገፊያ፣ የባትሪው ሣጥን ሳይቀር ዛሬ ተበየዱ። በያጁ ጥሩ እጅ አለው፤ ቀኝና ግራ እያቀያየረ፣ አጭር አጭር እያደረገ ነው የበየደው።

ኅዳር 30፣ እሑድ

ጾም ስለሆነ ሽሮ በልተን ከቀትር በኋላ ሞተሩን አነሳን። ክሬኑ የተከራየነው ለግማሽ ቀን ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ተዳምረው ወደ 900 ኪሎ ይመዝናሉ፤ የፈረስ ጉልበቱ 180። ባለጀልባው፣ «እዚህ ሲመጣ ጉልበቱ ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ ይልቅ ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው አየር በዚያው ልክ ይቀንስበታል፤ ናፍጣው ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የእርሳቸው ሞተር ተርቦ ስላለው ጉዳቱ ይቀንሳል። ቢሆንም ፕሮፔለሩ ለባሕር ወለል የተሰላ ከሆነ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ፒቹ (የምላጮቹ ዝንባሌ) ቀለል ያለ ፕሮፔለር እንዲታዘዝ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ አድርገዋል።

ሞተሩ ወደ መቀመጫው ሲወርድ በየእግሩ አጠገብ የማንሻ ቡሎን አለ፤ በእነርሱ ላይ ብቻ ነው ያረፈው። በየቡሎኑ አንድ ሩብ ዙር ማዞር ሞተሩን በጥቂት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያነሳል ወይም ያወርዳል። በጎን በኩል ደግሞ ግራና ቀኝ የሚገፉ ሌሎች ቡሎኖች አሉ። ከዚህ በኋላ ክሪክም ሆነ ዲጂኖ ወደ ሞተሩ እንዳይጠጋ አዘዝኩ። በዲጂኖ የተገፋ ሞተር የት እንደነበረ አይታወቅም።

ማታ ልጆቹ ስለ ትልልቅ መርከቦች ጠየቁኝ። በ2006 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ባሕር የገባችው «ኤማ ማርስክ» የምትባለው የኮንቴይነር መርከብ ዋና ሞተር 14 ሲሊንደር አለው፤ ጉልበቱ ከ100,000 የፈረስ ጉልበት ይበልጣል፣ ክብደቱ ወደ 2,300 ቶን ነው። ልጁ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለው ሞተር በአንድ ጊዜ አይነሳም፤ ክፍል በክፍል ወደ መርከቡ ሆድ ወርዶ እዚያው ይገጣጠማል። መርከቡ ውኃ ላይ ሲሆንና ሲጫን እንደሚጎብጥ ስለሚታወቅ የሞተሩ ወለል ሆን ተብሎ ትንሽ ረገብ ተደርጎ ይቀመጣል። ከዚያ ትልቅ ሞተርና ከእኛ ትንሽ ሞተር መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ሁለት የብረት ዘንጎች አንድ መሥመር ላይ ናቸው ወይ?

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

አዲሱ ኩሽኔታ ገብቷል፣ ሻፍቱም በቦታው ነው። ቶርኖ ቤት የነበረው የሻፍቱ ፍላንጅ (ከካምቢዮው ጋር የሚታሰርበት ክብ ሰሌዳ) ትናንት መጣ፤ ገጹ ተላጭቶ ጸድቷል። ዛሬ የመሬት ላይ ልኬት ጀመርን።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ከቱቦው ወደ ውስጥ የሚወጣው የሻፍት ክፍል መደገፊያ ከሌለው በራሱ ክብደት ይዘነበላል። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሻፍት በሜትር ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የእኛው አንድ ሜትር ያህል ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ 8 ኪሎ የሚመዝን ፍላንጅ አለ። በዚህ ሁኔታ ለክተህ ሞተሩን ካስተካከልክ ሞተሩን ከተዘነበለ ሻፍት ጋር ነው ያጋባኸው። መፍትሔው ቀላል ነው። የወጣውን ሻፍት ክብደት ግማሽና የፍላንጁን ሙሉ ክብደት ደምረህ በዚያ ልክ በስፕሪንግ ሚዛን ወደ ላይ ትስበዋለህ። የእኛው ወደ 16 ኪሎ ሆነ። ሚዛኑን ከጣሪያው ብረት አንጠልጥለን 16 እስኪያሳይ ሳብነው፤ ከሥሩ የእንጨት መደገፊያ አደረግንለት።

ከዚያ ሁለቱን ፍላንጆች አቀራርበን በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (በቀጫጭን የብረት መለኪያ ቅጠሎች) ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ለካን። ክብ ጠርዛቸው እኩል መግጠሙን ደግሞ በዳያል ጌጅ (በባለመርፌው መለኪያ) አየን። ልጁ ቁጥሮቹን ጽፎ ጨርሶ ሊነሳ ሲል ሽማግሌው ትከሻውን ያዙት። «ቆይ ልጄ፣ ሻፍቱን ሩብ ዙር አዙረውና እንደገና ለካ።» ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። ሻፍቱ ሲዞር ሰፊው ክፍተት አብሮት ከዞረ ጥፋቱ የፍላንጁ ገጽ ነው፤ መድኃኒቱ ቶርኖ ቤት ነው። ሻፍቱ ዞሮም ክፍተቱ በቦታው ከቀረ ግን ጥፋቱ የመሥመሩ ነው፤ መድኃኒቱ ሞተሩን ማንቀሳቀስ ነው። የእኛ ፍላንጅ ንጹህ ነበር። ቶርኖ ሠሪውን ማታ ደውዬ አመሰገንኩት።

ወደ ምሽት ልኬቱ በሁሉም በኩል ከ0.05 ሚሊ ሜትር በታች ሆነ። ባለጀልባው ደስ ብሏቸው፣ «እንግዲህ አለቀ፤ ቡሎኑን አጥብቁት» አሉ። የታኅሣሥ ገብርኤል ቅርብ ነው፤ ተሳላሚዎች ከወዲሁ ቦታ ይዘውባቸዋል። ቡሎኑን ግን አላጠበቅነውም። ይህ ልኬት ጊዜያዊ ነው አልኳቸው። ጀልባዋ ገና መሬት ላይ ናት።

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

ጀልባዋ ወደ ውኃ ገባች። ብዙ ሰው ገፋ፣ ብዙ ሰው ጮኸ፤ በሰላም ገባች።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ፍላንጁን አልነካነውም፤ ጀልባዋ እንድትረጋ ተውናት። ባለጀልባው በየዕለቱ የሚጭኑትን ያህል ክብደት አሸዋ በጆንያ አስጭነናል፤ የናፍጣና የውኃ ታንከሮቹም ግማሽ ድረስ ተሞልተዋል። ባለጀልባው ይህን ሁሉ መጠበቅ አልወደዱትም፤ አልፈርድባቸውም። ጀልባዋ ከቆመች ጀምሮ የሾፌሩም የረዳቱም ደመወዝ ከኪሳቸው ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለካን። ከላይ በኩል ያለው ክፍተት ከታችኛው በ0.34 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ረቡዕ ዕለት መሬት ላይ ከ0.05 በታች የነበረው ማለት ነው። ባለጀልባው ፊለር ጌጁን ራሳቸው ይዘው አስገቡት፤ ላይ ሲገባ፣ ታች ሲከለከል በእጃቸው አዩት። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ማን ነካው?» አሉ። ማንም አልነካውም። መሬት ላይ እያለች ርብራቡ ከሥሯ እኩል ደግፏት ነበር። ውኃ ግን የሚሸከመው እንደ አካሏ ቅርጽ ነው፤ መሃሏ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ይሸከማል። የኋላ ጫፏ ግን ቀጭን ሆኖ የፕሮፔለሩንና የመሪውን ክብደት ይዟል፤ ስለዚህ ወደ ታች ይወርዳል። ከእርሱ ጋር ቱቦው፣ ከቱቦው ጋር ሻፍቱ ያዘነብላል። ብረት በዓይን አይታጠፍም፤ በፊለር ጌጅ ግን ይታጠፋል።

ሐሳቡን ለልጆቹ በስሌት አሳየኋቸው። የፍላንጁ ስፋት 150 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላ እግሮቹ ከፍላንጁ 300፣ የፊቶቹ 1,200 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ። ክፍተቱን 0.30 ብንል፣ የኋላ እግሮቹ 0.6፣ የፊቶቹ 2.4 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለባቸው። በዓይን የማይታይ ክፍተት ፊት እግሩ ላይ ሲደርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም። ይህን ልዩነት ይዞ ቡሎን ቢጠብቅ ፍላንጆቹ ይገጥማሉ። ሞተሩም ይነሳል። ሻፍቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፤ ያ መታጠፍ በጥቂት ወራት ኩሽኔታውን፣ ከዚያ የካምቢዮውን ፓራኦሊዮ፣ ቆይቶ ሻፍቱን ራሱን ይበላል። ሣሩ ላይ የተጣለው አሮጌ ኩሽኔታ የዚህ ምስክር ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

ሌሊቱን 10 ሰዓት ላይ ጀመርን፤ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ለመጨረስ። ይህ የእኔ ልማድ ብቻ አይደለም፤ በትልልቅ የመርከብ ማረፊያዎችም የመጨረሻው ልኬት የሚደረገው ጎህ ሳይቀድ ነው። ምክንያቱም የመርከቡ ላይኛው ወለል ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል፤ ሥሩ ግን ውኃ ውስጥ ስለሆነ እንደ ቀዘቀዘ ይቆያል። የእኛይቱ ጀልባ ላይኛው ወለል ከሥሯ በ15 ዲግሪ ቢሞቅ ሁለቱ ጫፎቿ ከመሃሏ አንጻር ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ዝቅ ይላሉ። ሌሊቱን ስንለካ የላይኛው ክፍተት 0.30 ሆኖ ተገኘ፤ ትናንት ከሰዓት ከለካነው በ0.04 አንሷል። የምንፈቅደው 0.05 ሆኖ ሳለ፣ ፀሐይ ብቻዋን 0.04ቱን ትወስዳለች።

ሌላም ምክንያት አለ። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ጀልባዋን ያወዛውዛል። የተወዛወዘ ጀልባ ላይ ዳያል ጌጅ አይነበብም።

በመብራት ሠራን። ሽማግሌው ፍላንጁ ጋ፣ ልጅቷ የፊት ቡሎኖች ጋ፣ ልጁ የኋላዎቹ ጋ፣ እኔ መሃል። የምንነጋገረው በቁጥር ብቻ ነበር። የሞተሩን እግሮች ሁሉ በአንድ ላይ ለማሳረፍ ብዙ ቆየን። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ አይነቃነቅም፤ አራተኛ ጉልቻ ቢጨመር ግን አንዱ ሁልጊዜ ባዶውን ይቀራል። ሞተርም አራት እግር ላይ ሲቆም እንዲሁ ነው፤ አንዱ እግር ያልተሸከመ ከሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ ሞተሩን ራሱን ያጣምመዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማንሻ ጥቂት አላልተን ዳያል ጌጁ ሲንቀሳቀስ አየን፤ አራቱም እኩል እስኪሸከሙ አስተካከልን።

መጨረሻ ላይ ሞተሩን ሆን ብለን ጥቂት ዝቅ አድርገን ተውነው። ሞተር ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲሞቅም ያድጋል። ከእግሩ እስከ ዘንጉ መሃል 300 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ቢጨምር ዘንጉ ወደ 0.16 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። የካምቢዮው ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም ይታሰባል። ቀዝቃዛ ሳለ ፍጹም የሆነ መሥመር ሲሞቅ ፍጹም አይሆንም።

12 ሰዓት ሲሆን ጨረስን። ከላይና ከታች ያለው ልዩነት 0.03፣ ከግራና ከቀኝ 0.02። ቁጥሮቹን አራታችንም ፈረምንባቸው።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

በሞተሩ እግሮችና በመቀመጫው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ቀድሞ ይህ የሚሞላው በብረት ቁራጭ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለእግሩ ልክ በሞረድና በቀለም እየተፈተነ ይሠራል። ሽማግሌው ምጽዋ ላይ ያን ሥራ ሠርተዋል፤ አንድ እግር ሙሉ ቀን ይፈጅ እንደነበር ነገሩን። ዛሬ ኢፖክሲ የሚባል ሬንጅ (ሬዚን) ይፈስሳል። ሬንጁ ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ ያለውን ቅርጽ ሁሉ ይይዝና ይደርቃል፤ ሞተሩ ደግሞ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። ጎማ እግር ለምን አላደረግንም ያለም አለ። ጎማ ንዝረት ይቀንሳል፤ ነገር ግን በክብደቱ ሥር ቀስ በቀስ ይተኛል፣ መሥመሩም በየጊዜው መታየት ይፈልጋል። ለዚህች ጀልባ ሥራ ጠንካራ እግር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ዝግጅቱ ከማፍሰሱ ይበልጣል። መቀመጫው ቀለምና ዘይት እንዳይኖርበት እስኪያብረቀርቅ ተፈገፈገ። የሞተሩ እግር ላይ ሬንጁ እንዳይጣበቅ ቅባት ተነፋበት፤ ቡሎኖቹም በስፖንጅ ተጠቀለሉ። ዙሪያውን የስፖንጅ ግድብ ሠራን፤ በአንድ በኩል ከእግሩ ከፍ ያለ አፍ ተተወለት። ሬንጁ ከማጠንከሪያው ጋር በቀስታ ይቀላቀላል፤ በፍጥነት ከተቀላቀለ አየር ይገባዋል። ከአንድ ጥግ ብቻ፣ ሳይቋረጥ ፈሰሰ።

ችግራችን ብርዱ ነው። የባሕር ዳር የታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ከሥራችን ያለው ውኃም ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። ሬንጁ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ከዚያ በታች ሲሆን ይዘገያል። የሞተር ክፍሉን በሸራ ዘግተን ትልልቅ አምፖሎች አበራን፤ ልጆቹ ተራ ገብተው ቴርሞሜትሩን ጠበቁ። ሌሊት መብራት ሄደ፤ ጄነሬተር እስኪነሳ ሙቀቱ ወረደ።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

ከሬንጁ ለናሙና በቆርቆሮ ያስቀረነውን በመዶሻ መታሁት፤ ድምፁ ገና ደረቅ አይደለም። አንድ ቀን ጨመርኩ። ባለጀልባው በዚህ ጊዜ ተቆጡ። «ኢንጂነር፣ ገብርኤል አያመልጠኝም ብለኸኝ ነበር!» እንደዚያ አላልኩም፤ ግን አልተከራከርኳቸውም። ሽማግሌው መለሱላቸው። «ወንድሜ፣ ጀልባህን የሚገፋው ምን ይመስልሃል? ፕሮፔለሩ ውኃውን ይገፋል፣ ውኃው ሻፍቱን ይገፋል፣ ሻፍቱ ካምቢዮውን፣ ካምቢዮውና ሞተሩ እነዚህን ቡሎኖች። ሰውህን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄደው ይህ ሬንጅ ነው። ጥሬውን ልትጭንበት ነው?» ባለጀልባው ወጥተው ሄዱ፤ ማታ ተመልሰው ለሁላችንም ሻይ አመጡ።

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

ሬንጁ ደረቀ። ማንሻ ቡሎኖቹ ተፈቱ፤ ዋናዎቹ ቡሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በኃይል መለኪያ ቁልፍ፣ በሁለት ደረጃ ጠበቁ። ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ሬንጁ ጥቂት ይጨመቃል፤ ከውፍረቱ አንድ ሺህኛ ገደማ፣ ለእኛ 0.025 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ዳዶዎቹ ከጠበቁ በኋላ ፍላንጁን እንደገና ለካን። 0.04። ከዚያ በኋላ ብቻ የፍላንጁ ቡሎኖች ገቡ፤ በእጅ ተገፍተው ገቡ፣ መዶሻ አላስፈለገም።

ልጅቷ በትልልቅ ሞተሮች ስለሚለካው የክራንክ ሻፍት መታጠፍ ጠየቀች። በእኛ ሞተር ውስጡን ከፍቶ መለካት አይቻልም፤ ስለዚህ በወረቀት ሣልኩላት። በትልቅ ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሥር፣ በክራንኩ ሁለት ክንፎች መካከል ዳያል ጌጅ ይገባል። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ክንፎቹ ሲቀራረቡና ሲራራቁ ይነበባል፤ የክራንኩ ፒን ታች ሲሆን ማገናኛው ዘንግ (ኮኔክቲንግ ሮድ) መንገድ ስለሚዘጋ ንባቡ ግራና ቀኙ ላይ ይወሰዳል፣ በጠቅላላው አምስት ቦታ። መርከቡ ለጥገና ወደ ማረፊያ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ይለካል። እኔ በባሕር ላይ ሳለሁ መሬት የነካች መርከብ ሁሉ መጀመሪያ የምታሳየው ያንን ወረቀት ነበር። ወለሉ መጉበጥ አለመጉበጡ እዚያ ላይ ይታያል።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ — ገብርኤል

ተሳላሚዎቹ በሌሎች ጀልባዎች ሄዱ። ባለጀልባው ሁለት ጀልባ ተከራይተው ቃላቸውን ጠበቁ፤ ኪሳራው የእርሳቸው ነው። ይህን እዚህ የምጽፈው ሰዎች የጥሩ ሥራ ዋጋ ማን እንደሚከፍል እንዲያውቁ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የሥራ ውል ስጽፍ የመጠበቂያውን ቀናት ከመጀመሪያው አስገባለሁ፤ ባለጀልባም ቀጠሮውን በዚያ ልክ ያስተካክላል።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ሙከራ። መጀመሪያ ታስራ ሞተሩ በቀስታ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ሐይቁ ወጣን። እምቦጩ ባሕሩ ዳር ላይ ተከምሯል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጣናን የወረረው ይህ አረም ለጀልባ ሞተር ትልቅ ጠላት ነው፤ ሥሩ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውን ይደፍናል፣ ሞተሩ ይግላል። የአሮጌው ሞተር ውኃ መግቢያ አንድ ወንፊት ነበረው። አሁን ሁለት አድርገናል፤ አንዱ ሲጸዳ ሌላው ይሠራል።

በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ሄድን። የስተርን ቲዩቡን ግንባር በእጄ ይዤ ቆየሁ፤ ለብ ያለ ነው፣ አልጋለም። ሻፍቱ ላይ የኖራ ምልክት አድርገን በዓይን አየነው፤ አይወዛወዝም። ጀልባዋ ውስጥ ቆሞ ማውራት ይቻላል፤ ሾፌሩ ይህን በአሮጌው ጊዜ አላየሁትም አለ። ወዲያው ስንመለስ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ ፍላንጁን ከፍተን ለካን። 0.02። ሲሞቅ ከቀዝቃዛው ይሻላል፤ ያሰብነውም ይህንን ነው።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ጀልባዋ ጥምቀትን አገልግላለች፤ ወደ ደቅም ተመላልሳለች። ከ50 ሰዓት በላይ ከሠራች በኋላ ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ገብተን አየናት። የእግሮቹ ቡሎኖች አልላሉም። የፍላንጁ ክፍተት 0.04፤ ታኅሣሥ 16 ከለካነው ጋር እኩል። የቱቦው ማሸጊያ ጠብ ጠብ የሚያደርገው ውኃ ልክ ነው።

ቁጥሮቹን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን፣ በፕላስቲክ ሸፍነን፣ ከመሪው አጠገብ ሰቅለነዋል። በጣና ላይ ጀልባ ያላችሁ ሁሉ፣ የጀልባችሁን ቁጥር አጽፋችሁ አኑሩ። ድንጋይ ስትነካ፣ ከውኃ ወጥታ ስትመለስ፣ ከሞተሩ አጠገብ ብየዳ ሲደረግ፣ ፕሮፔለር ሲቀየር በፊለር ጌጅ አስለኩና ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ሲለካም ውኃ ላይ ሆና፣ ጭነቷን ይዛ፣ ፀሐይ ሳይመታት ይሁን። የሚወስደው አንድ ጠዋት ነው፤ መካኒኩ ያንን ጠዋት ሲጠይቃችሁ ስጡት።